ድንጋዩን ማን አሸከመው?

የደበደበሽ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በርሽ ላይ ቢቆም ምን ታደርጊያለሽ?

አትቸኩዪ። መልስሽን አውቀዋለሁ። አማርኛ ታነቢያለሽና ድንጋዩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግርሽም። አንገቱን ደፍቶ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ማረኝ ማለቱ ነው። ልብሽ ባይፈቅድም «ኧረ አውርዱለት» ትያለሽ። እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ሌላ ሴት ነው። ተወልዳ ባደገችበት አገር ሽማግሌ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። የጎን አጥንቷ ተሰብሮ ደረቷ በፋሻ ታስሯል። ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ውስጥ፣ በአንድ አፓርታማ ወጥ ቤት ቆማ ምሳ እየሠራች ነው። እሷስ ምን ታድርግ?

እናቴ ናት። ማሪቤል ትባላለች፤ አገሯ ኤል ሳልቫዶር ነው። ያደረገችውን ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሠርግ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ የማላውቃቸው ሴቶች ፀጉሬን እየዳሰሱ «ያቺ ስፓኒሽ እኮ፣ ይቅርታ ሊጠይቃት የተንበረከከውን ሰው በጋለ ብረት ፈነከተችው» ሲባባሉ ሰምቼዋለሁ። እኔም ለብዙ ዓመት ያመንኩት ይህንኑ ነው። ለምን አላምን? እዚያው ቤት ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቴ ነጋ በዲቪ የመጣ ሰው ነው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው ያመላልስ ነበር። እናቴ ከእነዚያ ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ታነጥፍ ነበር። እሱ ስፓኒሽ አያውቅ፣ እሷ አማርኛ አታውቅ፤ በሰባራ እንግሊዝኛ ተዋደዱና እኔ መጣሁ። እሱ ሄቨን፣ በእንግሊዝኛ ሰማይ፣ ብሎ ስም አወጣልኝ። እሷ «ሲዬሊቶ» ትለኝ ነበር፤ በቋንቋዋ ትንሿ ሰማይ እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ያለ ጭቅጭቅ የተስማሙት በዚህ ብቻ ይመስለኛል። እሱ የመኖሪያ ወረቀት ነበረው፤ እሷ አልነበራትም። ይህ ነገር በቤታችን ውስጥ እንደ ሌላ የቤት ዕቃ ቁጭ ብሎ ይኖር ነበር።

አባቴ አማርኛ አስተምሮኛል። አንብቢ፣ ጻፊ፣ ድገሚ እያለ፣ ስሳሳት ጆሮዬን እየቆነጠጠ አስተምሮኛል። ይህን የምጽፈው እሱ በሰጠኝ ቋንቋ ነው፤ ሲሰጠኝ ምን እንደማደርግበት አላሰበም።

በእሑድ ትምህርት ቤት የሐበሻ ልጆች «የስፓኒሿ ልጅ» ይሉኛል። ሰፈር ውስጥ የሜክሲኮና የሆንዱራስ ልጆች «አንቺ ምንድን ነሽ?» ይሉኛል። ለሁለቱም የምመልሰው በቡጢ ነበር። ማታ እናቴ የተላጠ ጉልበቴን እያጠበች «ማን ጀመረ?» ስትለኝ ሁልጊዜ «እነሱ» እላለሁ። እሷም ታምነኛለች።

ያን ጊዜ አንድ ሕግ ነበረኝ። አስተማሪያችን የጮኸ ልጅ ስም ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ ዝም ያለው አይጻፍም። እኔም ሕጉን ቤት ወሰድኩት። እናቴ ትጮሃለች። ሳህን ትወረውራለች፣ በስፓኒሽ ትራገማለች፣ በሩን ታላትማለች። አባቴ ግን አይጮህም። ቀስ ብሎ ይነሳና ክንዷን ይዞ መታጠቢያ ቤት ያስገባታል፤ በሩን ይዘጋል፤ ሻወሩን ይከፍታል። እኔ ሶፋ ላይ ካርቱን እያየሁ የውሃውን ድምፅ እሰማለሁ። ስለተናደደች በቀዝቃዛ ውሃ እያበረዳት ነው እል ነበር። እውነትም ስትወጣ በርዳ ነው የምትወጣው። አትጮህም፤ ቀና ብላም አታይም።

ፀጉሯ ግን ደረቅ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ፈሶ ፀጉሯ ደረቅ። አይቼዋለሁ፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዛሬ ሻወር ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን የወሎዋ ሰፊያ ነበረች። አድጌ ሳገኛት «ውሃው ሲከፈት ሶላቴን አቋርጥ ነበር» አለችኝ። «ውሃው ድምፅ ይሸፍናል ብሎ ነው። ለእኔ ግን ደወል ሆኖብኝ ነበር። ‘ሙዓዊያ፣ ሂድ አንኳኳ’ ስለው ባሌ ‘የሰው ትዳር ነው’ ይለኛል።»

የመጨረሻው ሻወር ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ከውሃው ሥር ድምፅ ሰማሁ፤ ከፍሪጅ ያወጣነውን የበረዶ መያዣ ስንጠመዝዘው እንደሚሰነጠቀው ያለ ድምፅ። እናቴ ጎኗን ይዛ፣ ወገቧ ተጣጥፎ ወጣች። በማግስቱ ከክሊኒክ ደረቷ ታስሮ መጣች። ለሐኪሙ ወደቅኩ አለችው። ለእኔም ወደቅኩ አለችኝ። እኔም «ደረጃው ላይ ስትሮጪ ነው አይደል?» ብዬ ተቆጣኋት።

አባቴ ሥራ ላይ እያለ ልብሱን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ሞልታ ከበረንዳው ወደ ፓርኪንጉ ወረወረችው። አንዱ ፌስታል ተቀደደና የቤተ ክርስቲያን ሱሪው አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ቁልፉን አስለወጠች። አባቴ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አነሳ፤ አራገፈው፤ አጣጠፈው። አልጮኸም። ያን ቀን ሰሌዳዬ ላይ የእናቴን ስም በትልቁ ጻፍኩ።

ዓርብ ዕለት አባቴ ከትምህርት ቤት ወስዶ በርገር ጋበዘኝ። ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁን። አንደኛው ጋሽ ገብረ ሥላሴ ነበሩ፤ የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ ባል የከዳት፣ ልጅ የታሰረባት፣ ሬሳ አገር ቤት መላክ የቸገረው ሁሉ የሚደውልላቸው። እኔ ደግሞ በኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ማስቲካ ስላለ እወዳቸው ነበር። አሁንም አንቱ እላቸዋለሁ፤ የተማርኩት አማርኛ ሌላ መጥሪያ አልሰጠኝም። ሁለተኛው ሊሞዚን የሚነዳው ጋሽ ኃይለ መስቀል ነበር፤ ቀልዱ የማያልቅበት።

«እንግዲህ ነጋ፣ እጅህ ፈጥኗል። ይህን አንክድም» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ።

«ስፒዲንግ ነው፤ ቲኬት ይቆረጥለት!» አለ ኃይለ መስቀል። እኔም ሳቅሁ። ስለ አባቴ አነዳድ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

«ፖሊስ ኮል ብታደርግስ?» አለ አባቴ።

«በየትኛው ወረቀቷ? አታደርግም። ሶ፣ አታደርግም ብለን ግን አንተኛም። ማለቴ፣ ሥራ ቦታዋ ያለች አንዷ ብትጠይቃትስ? የኮሚዩኒቲው ስም አለ። ልጆች አሉን» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ።

አባቴ ድንች ጥብሱን በጣቱ እየገፋ ቆየ። «አበባ ይዤ ብሄድስ? አበባ ትወዳለች።»

«አበባ!» ኃይለ መስቀል ጠረጴዛውን መታ። «ካርድም ጨምርበታ! ልብ ያለበት! ቫለንታይን መሰለህ እንዴ?»

«አበባ ፈረንጅ ሲያጠፋ ነው» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ። እሳቸው አይስቁም ነበር። «አንተ አገር አለህ፤ ባህል አለህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክመህ ትገባለህ። እኛ ከኋላህ እንቆማለን። እግሯ ላይ ትወድቃለህ። አንጀቷ ይላወሳል፤ ያልቃል።»

«ትልቅ እንዳይሆን ግን» አለ ኃይለ መስቀል፤ «ወገቡ ቢቀጭ እሷው ናት የምታስታምመው።»

«ድንጋይ ለምንድን ነው?» አልኩ እኔ።

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ማስቲካ ሰጡኝ። «ይቅርታ ነው፣ የኔ ልጅ። ጥፋቴ እንዲህ ከብዶኛል ማለት ነው።»

«ኦኬ። ለማሚ ልንገራት?»

እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አኖሩ። ከባድና ሙቅ እጅ ነበር። «የለም። ሽምግልና በልጅ አፍ አይነገርም፤ ክብሩ ይወርዳል። ስታየው ይገባታል። ሰው አይደለች?»

እኔም አመንኩ። ቀይ መብራት ቁም ማለት እንደሆነ ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ድንጋይም ማሩኝ ማለት እንደሆነ ዓለም ሁሉ የሚያውቅ መሰለኝ። በርገሬን ጨርሼ የአባቴን ድንች በላሁ። አባቴ ወደ ቤት ሊመለስ ነበር።

እሑድ ቀኑ ሞቃት ነበር፤ መስኮቶቹ ተከፍተው ከኋላችን የሚያልፈው ባቡር ድምፅ ይገባል። እናቴ የስፓኒሽ ሬዲዮዋን ከፍታ ፑፑሳ ትጋግራለች። የበቆሎ ሊጥ በመዳፏ ትዘረጋለች፣ መሐሉ ላይ የተፈጨ ቦሎቄና አይብ ታደርጋለች፣ ትጠፈጥፈዋለች፤ ከዚያ ከእናቷ ባመጣችው ኮማል ላይ ታሳርፈዋለች። ኮማል ጥቁር፣ ክብ፣ ለጥ ያለ የብረት መጥበሻ ነው፤ የእሷው ደግሞ እጀታ ነበረው። በደህናው ጎኗ በኩል ባለው እጇ ብቻ ስለምትሠራ ቀስ ትላለች። ጎንበስ ባለች ቁጥር ትንፋሿ ይቆረጣል።

እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። አባቴ በአበባው መደብ ዙሪያ ከተደረደሩት ነጫጭ ድንጋዮች አንዱን ሲያነሳ አየሁት። ትንሽ ሐብሐብ ያህላል። ኃይለ መስቀል አንገቱ ላይ አስተካከለለት። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ክራቫታቸውን አጠበቁ። ደረጃውን ሲወጡ ልቤ እንደ ልደት ቀን ይመታ ነበር። በሩ ተንኳኳ። «እኔ! እኔ!» ብዬ ሮጥኩና ከፈትኩላቸው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ማጅራቱ ላይ ይዞ ገባ። ላቡ ይንጠባጠባል፤ ያለቅሳልም። ከኋላው ጋሽ ገብረ ሥላሴ ገቡ። ኃይለ መስቀል መጨረሻ ገባና ጎረቤት ጉዱን እንዳያይ በሩን ዘጋው፤ መቀርቀሪያውንም ወረወረው። እናቴ ዘወር አለች። «ኖ» አለች። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ።» ከዚያ እኔን በክርኗ ገፍታ ከግድግዳው ጋር አጋጨችኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እኔን! ምንም ያላጠፋሁትን! አባቴ ሊንበረከክ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደ። እሷ ኮማሉን ከእሳቱ ላይ አነሳችና በሙሉ ኃይሏ ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈችው።

ድምፁ የደወል ነበር። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ድንጋዩ ወድቆ የወለሉን ሸክላ ሰነጠቀና ተንከባሎ የኃይለ መስቀልን እግር አገኘው፤ እሱም ጮኸ። አባቴ በጉልበቱ ወደቀ፤ በሽምግልናው ሕግ መውደቅ በነበረበት ቦታ ላይ በትክክል ወደቀ። እሷ ደገመችው። ትከሻው ላይ። ሸሚዙ ጨሰ።

«ያዟት! እጇን ያዟት!» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ። አንዱን ክንዷን እሳቸው ያዙ፣ ሌላውን ኃይለ መስቀል እያነከሰ ያዘ። ኮማሉ ወደቀ። እኔ ደስ አለኝ፤ ሊያረጋጓት ነው አልኩ። አባቴ ተነሳ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ እንደተለመደው፣ በታሰረው ጎኗ ላይ መታት። ከዚያ ፊቷን። ከዚያ ደግሞ ጎኗን። መሸሽ አልቻለችም፤ የኮሚዩኒቲው አባቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። «ነጋ! በቃ! ነጋ፣ ተው!» ይላሉ፤ ግን አልለቀቋትም። ያን ቀን ሻወር የከፈተ አልነበረም። የእጁን ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እርጥብ ምንጣፍ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ነው።

ከግድግዳው ማዶ ሰፊያ በሁለት እጇ ትደበድባለች። «ፖሊስ ጠርቻለሁ! ልቀቋት! ፖሊስ ጠርቻለሁ!» በአማርኛ ነበር የምትጮኸው። ስለዚህ ሁላቸውም በአንዴ ገባቸው።

አሁን የሚመጣውን በደንብ ስሙኝ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ እናቴን ለቀቋት፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ አዩ። «ኃይሌ፣ ድንጋዩን አውጣው» አሉ። «ቶሎ! ፖሊስ ይህን ካየ ሊገድላት መጣ ነው የሚለው።» ኃይለ መስቀል እያነከሰ ተሸክሞት ወረደ። በመስኮት አየሁት፤ ከአበባው መደብ ዙሪያ፣ ከሌሎቹ ነጫጭ ድንጋዮች መሐል፣ ከነበረበት ቦታ መለሰው። የሰው ዕቃ አንስተው ስለነበር መመለሳቸው ደግ ሥራ መሰለኝ።

ፖሊሶቹ ሲገቡ ቤታችን ውስጥ ድንጋይ የሚባል ነገር አልነበረም። ጭንቅላቱ የተተለተለና የተቃጠለ ሰው ነበር። ከንፈሯ የሚደማ ልጅ ነበረች። ሱፍ የለበሱ፣ እንግሊዝኛቸው የተጣራ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ወለሉ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛዋ በድንጋጤ የጠፋባት፣ ወረቀት የሌላት ሴት ከኮማሏ አጠገብ ተቀምጣለች። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ታሪኩን በተረጋጋ ድምፅ አስረዱ። ይቅርታ ሊጠይቃት መጣ፣ ሊንበረከክ ሲል መታችው፣ ልጇንም ጭምር መታች፤ እኛ ራሳችንን ለመከላከል ያዝናት። ቃል በቃል ስትሰሙት ውሸት የለበትም። የተሰበረው አጥንት የለበትም፤ ድንጋዩም የለበትም።

አንዷ ፖሊስ ወደ እኔ ጎንበስ ስትል ጋሽ ገብረ ሥላሴ ያንን ከባድ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አኖሩና «ልጅቷ ደንግጣለች፤ አታስጨንቋት» አሏት። እኔም ተጠጋኋቸው። ያን ቀን በዓለም ላይ እንደ እሳቸው የወደድኩት ሰው አልነበረም።

እናቴን በካቴና ይዘው ሲወርዱ ከመኪናው መስታወት ውስጥ ፊቷን አየሁት። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። አፏ ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ወደ እኔ እያየች ትጮሃለች። እየረገመችኝ ነው አልኩ። ጀርባዬን ሰጠኋት።

ሰፊያ ደረጃው ላይ ቆማ ፖሊሶቹን በሰባራ እንግሊዝኛዋ ልታስረዳ ስትሞክር ሙዓዊያ ክንዷን ይዞ አስገባት። ፖሊስ የጠራችው እሷ መሆኗ በሳምንቱ ሁሉ ቦታ ተሰማ። «በሐበሻ ላይ ፖሊስ የጠራች» ተባለች። የምትሠራበት የሐበሻ ሱቅ አሰናበታት፤ ትንሿ ልጇን ሁዳን ልደት የሚጠራት ጠፋ።

እናቴ ከእስር ወደ አገሯ ተላከች። እኔም ስፓኒሽ መናገር አቆምኩ። እንዲህ በአንድ ቀን፣ ምላሴን እንደመቁረጥ። አባቴ «ጎሽ» አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ብሪሳ የምትባል ልጅ ምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ጠጋ ብላ በስፓኒሽ «እናትሽ የት ናት?» አለችኝ። በምግብ ትሪው አፏን መታኋት። የፊት ጥርሷ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አየሁት፤ ከወደቀችም በኋላ ፀጉሯን ይዤ ደጋግሜ መታኋት፤ ሦስት ሰዎች ናቸው ያላቀቁን። የሰደበችኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የሰማሁት፤ የእሷም እናት በዚያው ወር ተወስዳ ነበር። የምታወራው ሰው ፈልጋ ነው ወደ እኔ የመጣችው።

አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሐበሾቹ ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ፣ ላቲኖቹ ሌላ ጠረጴዛ ነበራቸው። እኔ ብቻዬን መኪናዬ ውስጥ እበላ ነበር። ስፓኒሽን እንደ ባዕድ ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያውን ቀን አስተማሪው ስለ ሰማይ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቢ ሲለኝ ተነስቼ ወጣሁና ሽንት ቤት ገብቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ የትንሿ ጣቴ አጥንት አሁንም ጠማማ ነው። ቢሆንም ተመልሼ ገባሁ። ስመረቅ ወደ ኤል ሳልቫዶር የሚሄድ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። የሄድኩት ናፍቃኝ አልነበረም። ላፋጥጣት ነበር፤ በነገር ልመታት ነበር።

እናቴ ሳንታ አና ከተማ ውስጥ፣ ገበያው አጠገብ ፑፑሳ ትሸጣለች። ሳያት አጭር ሆነችብኝ። በግራ ጎኗ ዘመም ብላ ነው የምትቆመው። አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች፤ እኔ እጄን አልዘረጋሁም። ወንበር ሰጥታኝ ስትቀመጥ ለንግግሬ የደረደርኩትን ሁሉ ከአፌ ነጠቀችኝ።

«ሲዬሊቶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ዓመት ያሰብኩት ነገር ነው። ድንጋዩ ለምን ነበር? ቢላ ነበረው። እጅ ነበረው። ሽጉጥ የሚያውሱት ጓደኞች ነበሩት። ለምን በድንጋይ?»

አልገባኝም። ደግማ ጠየቀችኝ።

«በሩን ሲዘጉት ገባኝ። ሦስት ወንዶች። ያኛው ይዘጋል፣ ይኼኛው ይይዘኛል፣ አባትሽ ጭንቅላቴን ይፈጠፍጣል። አንቺን ከመሐል ላውጣሽ ብዬ ገፋሁሽ። አንድ ጊዜ ብቻ የመምታት ዕድል አለኝ፣ በደንብ ልምታ አልኩ።» ከንፈሬ ላይ ያለውን ትንሽ ጠባሳ በአውራ ጣቷ ነካችው። «ይቅርታ። በኃይል ገፋሁሽ።»

ድንጋዩ ምን እንደሆነ የነገርኳት እኔ ነኝ። በስፓኒሽ፣ ቃል እየጎደለኝ። ጥፋት የሚከብድ ሸክም ነው፣ አልኩ። ባህል ነው። መለመኛ ነው። ከጎናችን አንዲት ሴት ዶሮ ታርዳለች፤ ዶሮዋ ባልዲው ውስጥ ስትራገጥ ይሰማል።

«ይቅርታ ሊለኝ?» አለች። «ይቅርታ ሊለኝ ድንጋይ ይዞ? አበባ ለምን አላመጣም?»

ስትቆይ ደግሞ፣ «ከመኪናው ውስጥ የጮህኩልሽን ሰማሽ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ምድጃውን አጥፊው እያልኩሽ ነበር። ማንም ሳያጠፋው የሚወጣ፣ ቤቱ ከአንቺ ጋር የሚቃጠል መሰለኝ። እዚህ ድረስ ስመጣ ሳስበው የነበረው እሱን ነው። ምድጃው ጠፋ?»

ሰፊያ ናት ያጠፋችው። ሁላቸውም ሲሄዱ ገብታ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለምንድን ነው? «ያለፈ ነገር ነው» የምትሉኝ አላችሁ። አባቴም ፎርት ዎርዝ ተቀምጦ በስልክ «ጋሽ ገብረ ሥላሴ ያሉኝን ነው ያደረግኩት» ይለኛል። እሱ እጁን የሰነዘረው በማንም ምክር አይደለም፤ የእሱን ሒሳብ ከእሱ ጋር ይዣለሁ። ሰፊያ ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ፍሪስኮ በሚገኝ ትልቅ አዳራሽ፣ በመጪው እሑድ፣ ማኅበሩ ለጋሽ ገብረ ሥላሴ የዕድሜ ልክ የሰላም ሽልማት ይሰጣል። ሥዕላቸው ሥር «ስንት ትዳር ያስታረቁ አባት» ተብሎ ተጽፏል። ከእነዚያ ትዳሮች አንዱ የእኛ ቤት ነው። አስታረቁን። አንዷን ኤል ሳልቫዶር፣ አንዱን ፎርት ዎርዝ፣ አንዷን መኪና ውስጥ።

ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ እመጣለሁ። ሰፊያን ይዤ እመጣለሁ፤ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። «ባህላችንን አታሰድቢ» እንዳይሉኝ። ባህሉን የሰደበው ድንጋዩን አሸክሞ ትርጉሙን የከለከለ ነው። «ሴትዮዋ ልማዳችንን አላወቀችም፤ ሳናስበው የደረሰ ነው» እንዳይሉኝም፤ ይህን ማመካኛ ራስዎ ዘግተውታል። አንዲት ልጅ ማስቲካዎን እያኘከች «ለማሚ ልንገራት?» ብላዎት ነበር። የለም አሏት። ፖሊስ ሲመጣ ግን ማንም ሳይነግርዎት፣ ድንጋይ የያዘ ሰው በማያውቅ ዓይን ሲታይ ነፍሰ ገዳይ እንደሚመስል በአንድ አፍታ ገባዎት፤ አስወጡት።

ለፖሊስ ዓይን ያሰቡትን ለእናቴ ዓይን ለምን አላሰቡም? ሽልማቱን ከመቀበልዎ በፊት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በተቀመጠበት፣ ማይክሮፎኑን ይያዙና ይመልሱልኝ።